ለአዲስ ደንበኞች ብቻ

«ይሄ እንግዲህ ለአዲስ ደንበኞች ብቻ ነው» አለች ባለመስኮቷ፣ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሙሽሮቹ ተያይተው ፈገግ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላቸው ተቀምጣ፣ ስልሳ ሦስት የሚል ተራ ቁጥሯን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ አንድ ቃል ሳይቀር ሰማች። ሙሽሮች መሆናቸውን ማንም አልነገራትም፤ ግን ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ሁለት ሆነው አንዱ ላይ ለመቀመጥ የሚታገሉ ሰዎች ሌላ ምን ሊሆኑ ይችላሉ? የተዘረዘረላቸው ነገር ብዙ ነው፤ የኢንተርኔቱ ፍጥነት በእጥፍ፣ ዋጋው ለሦስት ወር በግማሽ፣ የስፖርትና የፊልም ቻናሎች በነጻ፣ ገመዱን የሚዘረጋው ቴክኒሻን ዛሬውኑ ቤት ድረስ። በዚያ ላይ የድርጅቱ አርማ ያለበት ብርቱካናማ ዣንጥላ። እስከ ቻናሎቹ ድረስ ታግሳ ነበር፤ ዣንጥላው ላይ ሲደረስ ግን ተራ ቁጥሯን ጨመደደችው። እሷ የዚህ ድርጅት ደንበኛ ከሆነች አስራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ የደረሳት ስጦታ አንድ የግድግዳ ካላንደር ብቻ ነው፤ እሱም የመጣው ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነበር።

የመጣችው በቅንጦት አልነበረም። ጉልበቷ እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ ፔዳል መርገጥ እምቢ ካላት ወዲህ፣ ስልኳን የልብስ ስፌት መኪናዋ ፊት አቁማ በቪዲዮ ስፌት ታስተምራለች። አስራ አራት ተማሪዎች አሏት፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እጇን እያዩ ይሰፋሉ። ችግሩ እጇ መሀል ላይ ይደርቃል። መርፌው ጨርቁ ውስጥ ሊገባ ሲል ምስሉ ቀጥ ይልና ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች፤ ምስሉ ሲመለስ ኮሌታው ተሰፍቶ አልቋል። ባለፈው ሐሙስ አንዷ ተማሪ በዚህ የተነሳ ግራ እጅጌውን ቀኝ ትከሻ ላይ ሰፍታ፣ ለብሳው ፎቶ ልካለች። ሁሉም ስቀዋል፤ ከሳቁ በኋላ ግን ሦስቱ፣ ዛሬም እንዲህ ከሆነ ሌላ አስተማሪ እንፈልጋለን ብለው በጨዋ ቋንቋ ጽፈውላታል። ዛሬ ደግሞ የሚማሩት ኪስ ነው። ኪስ ደግሞ መሀል ላይ ተቆርጦ የሚገባ ነገር አይደለም።

ስልሳ ሦስት ተጠራ። ባለመስኮቷ ቁጥሯን አስገብታ ስክሪኑን ስታይ ፊቷ በራ።

«ውይ እናቴ፣ እርስዎ እኮ ታማኝ ደንበኛችን ነዎት። ኮከብ አለዎት» ብላ ስክሪኑን አዞረችላት። እውነትም ከስሟ ጎን አንዲት ቢጫ ኮከብ አለች።

«ኮከቧ ምን ታደርጋለች?»

«ታማኝ መሆንዎን ታሳያለች።»

«ለማን?»

«ለእኛ» አለች ልጅቷ፣ ትንሽ አሰብ አድርጋ።

ፍጥነት ለመጨመር ማመልከቻ መሙላት እንደሚያስፈልግ፣ ማመልከቻው ወደ ቴክኒክ ክፍል እንደሚሄድ፣ አስር የሥራ ቀን እንደሚወስድ፣ ክፍያውም በሙሉ ዋጋ እንደሆነ በትህትና አስረዳቻት። ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ ሙሽሮቹን አየች፤ ዣንጥላውን በር ላይ እየከፈቱ እየዘጉ ይሞክሩታል። «ለነሱ ዛሬውኑ ነው ያልሻቸው» አለች። «እነሱ አዲስ ናቸው» አለች ባለመስኮቷ። «እኔ እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ቶሎ መጥቼ ነው የተቀጣሁት» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ ሂሳብ እንዳልወጣለት ሰው ነው የተናገረችው። ልጅቷ ግራና ቀኟን አይታ ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ጠጋ አለች። በዚያው ቤት ውስጥ በስሙ መስመር አውጥቶ የማያውቅ ሌላ ሰው ካለ፣ መታወቂያውን ይዞ ከመጣ፣ እሱ አዲስ ደንበኛ ይሆናል፤ የድሮው መስመር ይዘጋል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቴክኒሻን ይላካል። «ባለቤትዎ?» አለች። «በሕይወት የለም።» «ልጆች?» «ከተማ ቀይረዋል።» «ሌላ ሰው በቤቱ የለም?» ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች። «ፎቅ ላይ ወንድሜ አለ» አለች።

«እሱማ ይሆናል። እንዲያውም እናቴ፣ መስመርዎ ላይ ሦስት መሣሪያ ተመዝግቦ ይታየኛል፤ አንዱ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ነው የሚያየው። ለመዘግየቱ ምክንያት እሱም ሊሆን ይችላል። ፓስወርዱን ልቀይርልዎት?»

«ተይው» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ከመቼው እንዳለችው ለራሷም ገረማት።

አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጣ ይህንኑ አሰላሰለች። ሦስተኛው መሣሪያ የማን እንደሆነ ካወቀች አራት ዓመት ሆኗታል። ጣሪያዋን አልፎ የሚመጣው የኳስ ጨዋታ ድምፅ አንድ ምስክር ነው፤ ሁለተኛው ምስክር ደግሞ የወንድሟ ቡድን የተሸነፈ ቀን ኢንተርኔቱ በጊዜ የሚለቀቅላት መሆኑ ነው። ፓስወርዷ የአባታቸው ሱቅ የድሮ ስልክ ቁጥር ሲሆን፣ አጭር ነው ስለተባለች ሁለቴ ደጋግማዋለች። ለምን እንዳልቀየረችው ብትጠየቅ አቀያየሩን አላውቀውም ትል ነበር። ታውቀዋለች።

ወንድሟ ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ አራት ዓመት መሬት ቀያሽ ነበር፤ ሰፈሩ አሁንም ቀያሹ ነው የሚለው። አባታቸው ሲሞቱ ቤቱ ታቹ ለእሷ፣ ላዩ ለእሱ ሆነ፤ ሳይከፈል የቀረው ደረጃው የሚጀምርበት ኮሪደር ነበር። ቀያሹ በብረት ሜትሩ ለካ፤ እሷ በአንገቷ በምታንጠለጥለው የጨርቅ ሜትር ለካች፤ አራት ጣት ልዩነት መጣ። ስትጎተት የኖረች የጨርቅ ሜትር ማስረጃ አትሆንም አላት። የሰው መሬት ሲለካ ኖሮ የራሱ መሬት የሌለው ሰው ምን ያውቃል አለችው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጠብ አልነበረም፤ ከጠብ የባሰ ነገር ነው፤ ጨዋነት። ቀያሹ በማግስቱ ደረጃ ላይ ሲያገኛት «እንደምን አደሩ» አላት። ስምንት ዓመት የምታንሰውን፣ ጫማዋን ሲያስርላት ያደገችውን እኅቱን አንቱ አላት። እሷም አልተሸነፈችም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አለችው። ይኸው አራት ዓመት በአንቱታ ይኖራሉ። «ውሃ መጥቷል፣ እንዳያመልጥዎት» ይባባላሉ። «በሩን ስላልዘጉት ድመት ገብታለች» ይባባላሉ። ሰፈር ውስጥ እንደነሱ የሚከባበር ወንድምና እኅት የለም ተብሎ ለልጆች ምሳሌ ተደርገዋል።

ቤት ስትደርስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ደረጃውን ወጣች። መሀል ላይ ጉልበቷን ለማሳረፍ ቆመችና፣ ሐሳቧን የምትቀይር ከሆነ ቦታው ይሄ መሆኑን ተገነዘበች፤ ከዚያ ቀጠለች። ስታንኳኳ በውስጥ ችኩል ኮቴ ተሰማ፤ የሚከደን ነገር ተከደነ። ቀያሹ በሩን ሲከፍት ሹራቡን ገልብጦ ለብሷል።

«ይግቡ።»

«አልቀመጥም። ለአንድ ጉዳይ ነው።»

«ጉዳይ ቁጭ ብለው ቢናገሩትም ጉዳይ ነው» አለና ካርታ ከተከመረበት ወንበር ላይ ካርታውን አነሳላት። ክፍሉን እንደዚህ ከቅርብ ካየችው ቆይታለች። ጥቅል ካርታዎች በየጥጉ ቆመዋል፤ የቀድሞው የመቀየሻ መሣሪያ ባለሦስት እግር ማቆሚያ አሁን ኮት መስቀያ ሆኗል፤ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ በእኩል ርቀት ተቀምጠዋል። ከትራሱ ሥር አንድ ሰው በታፈነ ድምፅ ስለ ማዕዘን ምት አጥብቆ ይናገራል። ሁለቱም ወደ ትራሱ አዩ። «ሬዲዮ ነው» አለ ቀያሹ።

ነገሩን አስረዳችው። የማስታወቂያውን ወረቀት ተቀብሎ መነጽሩን አደረገና፣ ሰው የማያነበውን ከግርጌ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ ጀመረ። ሲጨርስ «በዚሁ አድራሻ ያለ መስመር ይዘጋል ይላል፤ የእርስዎ አስራ አንድ ዓመት ገደል ገባ ማለት ነው» አላት። አስራ አንድ መሆኑን እሷ አልነገረችውም። «ከአንዲት ኮከብ ሌላ ጥቅም አላገኘሁበትም፤ ይዘጋ» አለች። እኔንስ ምን ይጠቅመኛል አላት። የስፖርት ቻናል አለው አለችው። «እኔ ኳስ አልከታተልም» አለ ቀያሹ፤ ትራሱ ሥር ጎል ገባ። ሳይዞር ለመቆየት ያደረገው ትግል አንገቱ ላይ ይታይ ነበር። ቆይቶ «ደሞም ቴሌቪዥን የለኝም» አለ። ልብስ ሰፊዋ ወደ መስኮቱ ዞራ ጎረቤት የተሰጣ አንሶላ ስታይ ቆየች። አንሶላው ጠርዙ በደንብ አልተሰፋም። «እኔ ጋ አለ» አለች፣ ለአንሶላው። ቀያሹ ከማቆሚያው ላይ ኮቱን አነሳ፣ መታወቂያው ደረት ኪሱ ውስጥ መኖሩን ዳሰሰ።

ባለመስኮቷ አዲሱን ደንበኛ ከወንበሯ ተነስታ ተቀበለችው። «እንኳን ወደ ቤተሰባችን በደህና መጡ ጌታዬ» አለችው። ውሃ ቀረበለት። እኅቱ ከጎኑ ቆማ፣ በገዛ እግሯ ያመጣችው ሰው ሲከበር ታያለች። የቀድሞውን መስመር መዝጋት አንድ ደቂቃም አልፈጀም፤ የመዝጊያው ምክንያት ከዝርዝር ውስጥ መመረጥ ነበረበትና ባለመስኮቷ ወደ ታች ወደ ላይ ፈልጋ «ሌላ» የሚለውን ተጫነች። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ስክሪኑን አየች። «ኮከቧስ?» ብላ ጠየቀች። «ከመስመሩ ጋር ትጠፋለች» አለች ልጅቷ። እንደ ቀልድ ነበር የጠየቀችው፤ መልሱ ግን ሳታስበው ቅር አሰኛት። በዚያ መስመር ልጆቿን ድራለች ማለት ይቻላል፤ ባሏ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረ ጊዜ ሐኪሞቹ የሚያወሩትን በሽታ ስም በዚያ መስመር ፈልጋ አንብባለች። አንድ ሰው ቢያንስ ምን ሆናችሁ ተለያያችሁ ብሎ ቢጠይቅ ደስ ባላት።

«ጌታዬ፣ ለዋይፋይዎ ፓስወርድ ይምረጡ፤ የሚያስታውሱትን አንድ ቁጥር ይበሉኝ፣ ከስምንት አኃዝ ያላነሰ» አለች ባለመስኮቷ።

ቀያሹ ፎርሙ ላይ እየፈረመ ነበር። ቀና ሳይል፣ የራሱን ዕድሜ እንደሚናገር ሰው፣ የአባታቸውን ሱቅ ስልክ ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠራ። ከዚያ ትንፋሽ ሳይወስድ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው። እስኪርቢቶው ፊርማው መሀል ላይ ቆመ። ባለመስኮቷ ጽፋ ጨረሰች፤ አንድ ሰው የስልክ ቁጥር ለምን ሁለቴ እንደሚደግም የምታስብበት ምክንያት አልነበራትም። የቀያሹ ጆሮዎች ቀስ በቀስ ቀሉ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ወሰን ሲያስከብር የኖረ ሰው፣ በገዛ አፉ ተይዞ፣ ፎርሙን አተኩሮ ያየው ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ከኮቱ ትከሻ ላይ አንድ ክር ነቀለችለት። «ጥሩ ቁጥር ነው፤ አይረሳም» አለች። አፏ ሊስቅ እየታገለ እንደሆነ ከጎን ይታየዋል፤ ይህም ለቀያሹ ከስድብ የከበደ ነበር።

አውቶቡሱን ሲጠብቁ ቀያሹ ብርቱካናማውን ዣንጥላ በብብቱ ይዞ ቆመ። ሰማዩ ላይ የደመና ቁራጭ የለም። «ፀሐዩ በዛ» አለ ለማንም ሳይሆን፣ ከፈተውም። ዣንጥላው ትንሽ ነው። ግማሹ ላይዋ እስኪያርፍ ወደ እሷ አዘነበለው፤ የራሱ ግራ ትከሻ ፀሐይ ላይ ቀረ። ከአውቶቡሱ ከወረዱ በኋላ ልብስ ሰፊዋ እርምጃዋ ሲያዘግም ቀያሹም አዘገመ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል ወይ ብሎ ግን አልጠየቀም።

ቴክኒሻኑ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሰላሉን ተሸክሞ ደረሰ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የቀያሹ ስም ስለሆነ የሚሰማው እሱን ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ራውተሩ ከመኪናዋ አጠገብ እንዲሆን ብትነግረው «ደንበኛው ይወስኑ» ብሎ ወደ ቀያሹ ዞረ። ቀያሹ አራት ዓመት ያልረገጠው ክፍል መሀል ላይ ቆሞ ነበር፤ የተቆራረጠ ጨርቅ፣ አንገት የሌላቸው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች፣ ግድግዳው ላይ የተሰካኩ መቀሶች። ከልማድ ብዛት እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ የብረት ሜትሩ የለም፣ በችኮላ ሲወጣ ረስቶት ነበር። ልብስ ሰፊዋ አይታዋለች። ከአንገቷ የጨርቁን ሜትር አውልቃ ዘረጋችለት። ለአፍታ አየው፤ ተቀበለውና ከመስኮቱ እስከ መኪናዋ፣ ከመኪናዋ እስከ ደረጃው ለካ፤ ሁለት ጊዜ ለካ፣ ቁጥሩን አፉ ውስጥ ደገመ። «እዚህ» አለ በመጨረሻ፣ ከመኪናዋ አንድ ክንድ የማይርቅ ቦታ እያሳየ። ቴክኒሻኑ፣ እዚህ ከሆነ ፎቅ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይደክማል ብሎ አስጠነቀቀው። «ይድከም» አለ ቀያሹ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አቆመች፣ አስራ አራቱ ፊቶች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ቀያሹ ጥግ ላይ፣ የስፖርት ቻናሉ መምጣቱን ለማረጋገጥ ብቻ በሚል ምክንያት፣ ድምፁን ዘግቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል። የኪሱን አፍ ቆረጠች፤ ምስሉ አልደረቀም። ገለበጠችው፣ ተኮሰችው፣ ሰፋችው፤ ምስሉ አልደረቀም። መርፌው ሲወርድና ሲወጣ ተማሪዎቿ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ፣ አንዷ «እትዬ፣ ጣትሽ ላይ ያለችው ጠባሳ ሁሉ ትታየናለች» አለች። የፍጥነት ጉዳቱ ግን ወዲያው ተገለጠ፤ ጥራቱ እሷን ብቻ አይመርጥም። ያቺ እጅጌ የገለበጠችው ተማሪ «ከኋላሽ ሹራብ ገልብጠው የለበሱት ሰውዬ ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ቀያሹ ኮቱን አውልቆት ነበር። ሁሉም ወደ ስክሪናቸው ሲጠጉ አስራ አራት ግንባሮች ታዩ። ልብስ ሰፊዋ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «የመስመሩ ባለቤት ናቸው» አለች፤ «በሳቸው ደግነት ነው የምትማሩት።» አስራ አራቱም አመሰገኑ። ቀያሹ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለና፣ የጨዋታውን ዕረፍት ጠብቆ፣ ከአንዱ አሻንጉሊት ጀርባ ተከልሎ ሹራቡን አስተካከለ። ሦስቱ ተማሪዎች ትምህርቱ ሲያልቅ እስከ ሐሙስ ደህና ሁኚ ብለው ወጡ። ሐሙስ ማለታቸው ብቻውን ለልብስ ሰፊዋ በቂ ነበር፤ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደግፋ ጉልበቷን ስታሻሽ ቆየች።

የቀያሹ ስልክ የጮኸው መኪናዋን ከድና ሻይ ልትጥድ ስትነሳ ነው። የደወለችው የድርጅቱ ሠራተኛ ናት፤ አዲስ ደንበኞች በተመዘገቡበት ቀን አስተያየታቸውን ይጠየቃሉ። ለልብስ ሰፊዋ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ደውሎ ደስ ብሎሻል ወይ ብሏት አያውቅም። ቀያሹ ነገሩን እንደ ምስክርነት ቃል ስለቆጠረው ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ አደረገው።

«ጌታዬ፣ በዛሬው አገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል? ከአንድ እስከ አስር ባለው ነጥብ ይንገሩኝ።»

ቀያሹ በግምት ነጥብ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ራውተሩን አየ፣ ቴሌቪዥኑን አየ፣ በሩ ሥር የቆመውን ዣንጥላ አየ። ከዚያ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነና ወደ እኅቱ ዞረ።

«አንቺ ስንት ትያለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ነበር። «ሰባት በላት» አለችው።

«ሰባት ያንሳል። ቴክኒሻኑ በሰዓቱ ነው የመጣው።»

«አንተን በሰዓቱ ስላስተናገደህ ነው። እኔን አስር ቀን ጠብቂ ነው ያሉኝ። ሰባት።»

«ስምንት እንበል።»

«ሁልጊዜ አንተ የለካኸው ነው ልክ የሚሆነው?» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የሰማችው። እሱም የሰማው ያን ጊዜ ነው። ልብስ ሰፊዋ ማንቆርቆሪያውን ጣደችው። ማንም ወደ አንቱታው አልተመለሰም።

«ጌታዬ? ይሰሙኛል? መስመሩ ተቋረጠ?» አለች ሴትዮዋ።

ቀያሹ መዳፉን አነሳ። «ኧረ መስመሩ ደህና ነው፤ ትንሽ ጠብቂን፣ ገና እየተማከርን ነው» አላት።